ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ሰውየውስ?



በ1934 ዓ.ም. ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሐኪም በርንሃርድ ዞንዴክ የዘመኑን ሊቃውንት ግራ ያጋባ ግኝት አሳተመ። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) የሴት ብቻ ነው ተብሎ ይታመን የነበረውን ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን እጅግ በርከት ብሎ ያገኘው በድንጉላ ፈረስ ሽንት ውስጥ ነበር። ለርቢ የሚቀመጥ፣ ወንድነቱ ከሩቅ የሚታወቅ እንስሳ የሴት የተባለውን ሆርሞን እንዲህ አትረፍርፎ ማመንጨቱ ያን ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። እንቆቅልሹ ከተፈታ ቆይቷል፤ ወንድ ሁሉ፣ ፈረስም ሆነ ሰው፣ ከቴስቶስትሮኑ ጥቂቱን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። የጥንቱ እምነት ግን ከሰው ልብ አልወጣም፤ ዛሬም ብዙ ወንድ ኢስትሮጅንን ወንድነቱን ሊቀማ እንደመጣ ባዕድ ያየዋል። ዛሬ የምንነጋገርበት ሕክምና የተስፋፋው በከፊል በዚህ እምነት ላይ ተደግፎ ነው። ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ያለ ወንዶች፣ ለውጡን የሚያካሂደውን አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያግድ ክኒን እንዲወስዱ ይመከራሉ። ክኒኑ ቴስቶስትሮንን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን አልከራከርም። የምከራከረው ከፍ ማለቱ ለሰውየው ምን ይፈይዳል በሚለው ላይ ነው። ማስረጃው ተራ በተራ ሲታይ፣ ክኒኑ የላቦራቶሪውን ቁጥር የሚያሳድገው ቴስቶስትሮን ሥራውን ከሚሠራባቸው ሁለት እጆች አንዱን ይዞ ነው፤ ስለዚህ ተገቢው ቦታ ከሚነገርለት እጅግ የጠበበ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ፒቱታሪ የተባለው ዕጢ ተንጠልጥሏል። ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን ያዛል፣ ፒቱታሪ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይልካል፣ ኤልኤች ቆለጥን ቴስቶስትሮን እንዲያመርት ያነሣሣል፣ ኤፍኤስኤች ከቴስቶስትሮኑ ጋር ሆኖ የዘር ህዋስ እንዲሠራ ያደርጋል። ምርቱ ሲበቃ ወሬው ወደ አንጎል ይመለሳል፤ ትእዛዙም ረገብ ይላል። ይህን "በቃ" የሚል ወሬ በከፍተኛ ደረጃ የሚያደርሰው ራሱ ቴስቶስትሮን ሳይሆን ከእሱ የሚገኘው ኢስትራዲዮል፣ ማለትም ዋናው የኢስትሮጅን ዓይነት ነው። በወንድ ደም ውስጥ ካለው ኢስትራዲዮል 80 በመቶ ያህሉ ከቆለጥ ውጭ፣ በስብ፣ በጡንቻ፣ በአጥንትና በሌላውም የሰውነት ክፍል ውስጥ ከቴስቶስትሮን ተለውጦ የሚገኝ ነው። ለለውጡ የሚውለው ቴስቶስትሮን ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለውጡን ማቆም ቴስቶስትሮንን የሚያበረክተው ሊባክን የነበረው ስለሚተርፍ አይደለም፤ የሚተርፈው ኢምንት ነው። ቴስቶስትሮን የሚጨምረው አንጎል ኢስትራዲዮል ሲያጣ የጎደለ መስሎት ኤልኤችን ስለሚጨምርና ቆለጥ ይበልጥ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው ነው። በአጭሩ ክኒኑ አንጎልን ያታልላል። ማታለል በሕክምና ነውር አይደለም፤ ብዙ ጥሩ መድኃኒቶች የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ግን ማታለያው የሚሠራው አንጎሉም ቆለጡም ጤነኛ ከሆኑ ብቻ ነው፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

መድኃኒቶቹ የተሠሩት ለወንድ አልነበረም። በአሜሪካ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ትሠራ የነበረችው አንጄላ ብሮዲ አሮማቴዝን ለይቶ የሚያግድ ውሁድ ለማግኘት የደከመችው የጡት ካንሰርን በማሰብ ነው። ወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ብዙዎቹ ዕጢዎቻቸው በኢስትሮጅን ይመገባሉ፤ ኢስትሮጅኑን ምንጩ ላይ ማድረቅ ዕጢውን ማስራብ ነው። አናስትሮዞል በ1995፣ ሌትሮዞል በ1997፣ ኤክሰመስታን በ1999 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ በሽታ ተፈቀዱ። የጡት ካንሰር በሴቶች ካንሰር ቀዳሚ በሆነባት በአገራችንም የእነዚህ መድኃኒቶች ትክክለኛ ቤት የካንሰር ሕክምና ክፍል ነው። የወንድን ቴስቶስትሮን ለማሳደግ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት አንዳቸውንም አልፈቀደም። ይህ ብቻውን ክርክሬን አያጸናም፤ ሐኪም መድኃኒትን ከተፈቀደለት ጥቅም ውጭ ሊያዝ ይችላል፤ አንዳንዴም ልክ ይሆናል። ልክነቱን የሚወስነው ሙከራ ነው።

ሙከራ ደግሞ አለ። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ62 እስከ 74 የሆኑ፣ ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ያለ ወይም ወደ ዝቅታው የተጠጋ 37 ወንዶችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ ለአንዳንዶቹ አናስትሮዞል በየቀኑ፣ ለአንዳንዶቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለቀሩት መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ክኒን ለ12 ሳምንት ሰጠ። በየቀኑ በወሰዱት ላይ ጠቅላላው ቴስቶስትሮን በአማካይ ከ343 ወደ 572 ናኖግራም በዴሲሊትር ወጣ። ሰውነት በቀላሉ የሚጠቀምበት ክፍል ደግሞ ከ99 ወደ 207፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ ሆነ። ኢስትራዲዮል ከ26 ወደ 17 ፒኮግራም በሚሊሊትር ወረደ። መርፌ የለ፣ የሚቀባ ነገር የለ፤ በቀን አንድ ትንሽ ክኒን ብቻ። ይህን ያየ ሐኪምም ሆነ ታካሚ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ፦ ኢስትራዲዮል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ወር አበባዋ በተቋረጠ ሴት ላይ ክኒኑ ኢስትሮጅንን ከሞላ ጎደል ያደርቀዋል፤ በወንድ ላይ ግን ቴስቶስትሮኑ እየጨመረ ሲሄድ ለኢንዛይሙ የሚቀርበው ጥሬ ዕቃም ስለሚጨምር፣ ኢስትራዲዮል የሚቀንሰው ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ተስፋው የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ግማሹ ይበቃል፣ ጉዳት አይኖርም ተባለ።

ታዲያ ከቁጥሩ በኋላ ምን ሆነ? አናስትሮዞልን ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ወንዶች ለአንድ ዓመት የሰጠና በ2009 ውጤቱ የታተመ ሙከራ አለ። ቴስቶስትሮን እንደተጠበቀው ጨመረ፤ በሦስተኛው ወር ከ319 ወደ 524 ደረሰ፤ በዓመቱ መጨረሻም ከመነሻው ብዙ ከፍ ብሎ ቆየ። የጡንቻ መጠን ግን አልጨመረም፣ ስብ አልቀነሰም፣ ጉልበት አልበረታም። ከዚህ የከፋው የአጥንቱ ነው። 69 ወንዶች በተመረመሩበት ክፍል የወገብ አከርካሪ አጥንት ጥግግት አምሳያ ክኒን በወሰዱት ላይ በጥቂቱ ሲጨምር፣ አናስትሮዞል በወሰዱት ላይ 1.7 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ቴስቶስትሮኑ በጨመረ ሰው ላይ፣ መጨመር ሲገባው የቀነሰ ነው። ከኔዘርላንድ የመጣው ሌላ ሙከራ ይበልጥ ያስተምራል። እጅግ ወፍራም የሆኑና ከውፍረታቸው የተነሣ ቴስቶስትሮናቸው የወረደ ወንዶች ሌትሮዞልን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ለስድስት ወር ወሰዱ። ቴስቶስትሮናቸው ከ8.6 ወደ 21.5 ናኖሞል በሊትር ዘለለ፤ ከታመመ ሰው ልክ ወደ ጎልማሳ ጤነኛ ልክ ማለት ነው። አጥኚዎቹ የሰውነት ቅርጽን፣ አቅምን፣ ስሜትን መረመሩ። በአምሳያውና በመድኃኒቱ መካከል ልዩነት አላገኙም። ቁጥሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ሰውየው እንደነበረው ነው።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱን ያገኘነው በከፊል ተፈጥሮ ራሷ ካደረገችው ሙከራ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ክርክሩ በሙሉ የሚቆመው በእሱ ነው። በ1994 የ28 ዓመት ወጣት ታሪክ በሕክምና መጽሔት ወጣ። ቁመቱ 204 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ገና እያደገ ነበር። በ28 ዓመቱ የአጥንቱ ዕድሜ የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ አጥንቱም የተሳሳ ነው። ቴስቶስትሮኑ ጤነኛ ነበር፤ ኢስትሮጅኑም በደሙ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ጉድለቱ ኢስትሮጅንን የሚቀበለው የህዋሱ ተቀባይ በዘር ለውጥ የተበላሸ መሆኑ ነው። በእሱ አካል ውስጥ ቴስቶስትሮን እንዳሻው እየሠራ፣ ኢስትሮጅን ግን ሰሚ አልነበረውም። ውጤቱ የማያቆም ቁመትና ደካማ አጥንት ሆነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1997 ደግሞ የ38 ዓመት ሰው ታሪክ ከጣሊያን መጣ። የእሱ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ተቀባዩ አለ፣ አሮማቴዝ ግን ሲወለድ ጀምሮ የለውም፤ በሌላ አነጋገር ዕድሜውን ሙሉ ክኒኑ ቢወሰድ ሊያደርግ የሚችለውን በመጨረሻው ልኩ ይዞ የተወለደ ሰው ነው። ቴስቶስትሮን ሲሰጡት አጥንቱ አልተለወጠም። ኢስትራዲዮል ሲሰጡት ግን በ38 ዓመቱ ገና ያልገጠመው የአጥንቱ ማደጊያ ገጠመ፣ ጥግግቱም ጨመረ። ወንድ አጥንቱን የሚያጸናው በቴስቶስትሮን ነው የሚለው የቆየ ትምህርት በእነዚህ ሰዎች ፊት ቆሞ መሄድ አልቻለም። ከዚያም 59 አረጋውያን ወንዶችን ይዘው ሆርሞኖቹን አንድ በአንድ እያጎደሉና እየመለሱ የለኩ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2000 እንዳሳወቁት፣ በወንድ የአጥንት መበላት ላይ የጾታ ሆርሞኖች ካላቸው ተጽዕኖ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የኢስትሮጅን ነው።

አጥንት ብቻ ቢሆን፣ አንዳንዱ ሰው "አጥንቴን በካልሲየም እጠብቃለሁ፤ ፍላጎቴና ጉልበቴ ይመለሱልኝ" ሊል ይችላል። በ2013 የታተመው የቦስተን ሙከራ ግን ይህን በር ዘጋው። ከ20 እስከ 50 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጤነኛ ወንዶች የራሳቸው የሆርሞን ምርት በመድኃኒት ከተዘጋ በኋላ፣ በተለያየ መጠን ቴስቶስትሮን በሚቀባ ጄል ለ16 ሳምንት ተሰጣቸው። አንደኛው ምድብ 198 ሰዎች ነበሩት። ሁለተኛው ምድብ 202 ሰዎች ሲኖሩት ያንኑ ቴስቶስትሮን ከአናስትሮዞል ጋር ወሰዱ፤ ስለዚህ ቴስቶስትሮን እያላቸው ኢስትሮጅን አጡ። ሁለቱን ምድቦች ማነጻጸር የትኛው ሥራ የየትኛው ሆርሞን እንደሆነ ለመለየት አስቻለ። የጡንቻ መጠንና ጉልበት የቴስቶስትሮን ሆነው ተገኙ። የስብ መጨመር በዋናነት የኢስትሮጅን እጦት ውጤት ነበር፤ ቴስቶስትሮናቸው ኖሮ ኢስትሮጅን ያጡት ስብ አጠራቀሙ። የወሲብ ፍላጎትና የብልት መቆም ደግሞ ሁለቱንም ሆርሞኖች ይሻሉ። እንግዲህ ወደ ሐኪም የሚሄደው ወንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው ምንድን ነው? ፍላጎቱ መቀዝቀዙን፣ ሆዱ መውጣቱን። በትክክል ኢስትሮጅን ድርሻ ያለውን ነገር እያማረረ መጥቶ፣ ኢስትሮጅንን የሚቀንስ ክኒን ይሰጠዋል። መጋገር የተከለከለበት ቤት ዱቄቱ እንደሚበረክት አያጠራጥርም፤ ቤተሰቡ ግን የሚበላው እንጀራ እንጂ ዱቄት አይደለም።

አሁን ተቃውሞዎችን ላንሣ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ "የወፍራም ሰው ጉዳይ ይለያል። ስብ አሮማቴዝ አለበት፤ ስብ ሲበዛ ለውጡ ይበዛል፤ የበዛው ኢስትሮጅን አንጎልን ያረግባል፤ ቴስቶስትሮን ይወርዳል፤ ሲወርድ ስብ ይጨምራል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው አሮማቴዝን መዝጋት ነው።" ንድፉ የተዋበ ነው፤ ስብ ውስጥ አሮማቴዝ መኖሩም እውነት ነው። ንድፉ ትክክል ከሆነ ግን ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ያለ ወፍራም ወንዶች ኢስትራዲዮላቸው ከፍ ብሎ መገኘት ነበረበት። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸውን ወንዶች የለኩ ተመራማሪዎች በ2011 ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ ቴስቶስትሮናቸው የወረደ ሰዎች ኢስትራዲዮላቸውም የወረደ ነበር። ምንጩ ሲያንስ የሚቀዳውም ያንሳል። በውፍረት ጊዜ ቴስቶስትሮን የሚወርደው ከአንድ በላይ በሆነ ምክንያት ነው፤ ሆርሞኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲን ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን ሥራው ይታወካል፣ አንጎሉም በሌሎች መንገዶች ይረግባል። አንዱን ክር ብቻ ጎትቶ ቋጠሮው ይፈታል ማለት አይቻልም፤ የኔዘርላንዱ ሙከራም ያሳየን ይህንኑ ነው። ሲፈታ የታየው ክብደት ሲቀንስ ነው። በስምንት የአውሮፓ ከተሞች ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለው ትልቅ ጥናት ክብደታቸውን በጉልህ የቀነሱ ሰዎች ቴስቶስትሮናቸው አብሮ እንደወጣ አሳይቷል፤ ያውም ኤልኤቻቸው ጨምሮ፣ ማለትም አንጎላቸው ሳይታለል በራሱ ነቅቶ። ክብደት መቀነስ ከክኒን እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የከበደውን ትቶ የማይጠቅመውን መያዝ ግን መፍትሔ አይሆንም።

አንድ ያልተለመደ ሁኔታ ከዚህ ነጥሎ ማየት ይገባል። በጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ የአሮማቴዝ ዘረ መል፣ አሥራ አምስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው፣ በተዛባ አቀማመጥ ምክንያት ከመጠን በላይ ይሠራል። ወንዶች ልጆች ጡት ያወጣሉ፣ አጥንታቸው ቶሎ ይገጥማል፣ አጭር ይሆናሉ። ለእነሱ አጋጁ መድኃኒት በሽታውን ከሥሩ የሚይዝ ነው። ይህ ግን በሕይወት ዘመኑ አንድም እንዲህ ያለ ታካሚ የማያይ ሐኪም ብዙ የሆነበት፣ እጅግ ብርቅ በሽታ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረው ነው፤ በከፊልም እቀበለዋለሁ። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን በመርፌም ሆነ በጄል ቢወስድ የዘር ህዋስ ምርቱ ይዘጋል። አንጎሉ "በቃ" ብሎ ትእዛዙን ያቆማል፤ ቆለጡ ይተኛል። ይህ ከመሆኑ እርግጠኝነት የተነሣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ባሳተመው ጥናት በየሳምንቱ የሚሰጥ የቴስቶስትሮን መርፌን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ አድርጎ ሞክሮታል። በጂም ቤት ጓደኛ ምክር መርፌ የሚወጉ ወጣቶች ይህን ሳያውቁ ይገቡበታል፤ ትዳር ይዘው ልጅ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምትመረመረው ሚስት ናት፤ የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ የሚታሰበው ቆይቶ ነው። የአሮማቴዝ አጋጅ ግን ኤልኤችንም ኤፍኤስኤችንም ስለሚጨምር ይህን ጥፋት አያደርስም። ከኒው ዮርክ በ2002 የወጣ ሥራ ቴስቶስትሮናቸው ከኢስትራዲዮላቸው አንጻር ያነሰባቸው መካን ወንዶች ሲወስዱት የዘር ፈሳሽ ምርመራቸው እንደተሻሻለ ዘግቧል። በዚህ መነሻ የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር በ2018 መመሪያው፣ ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ብሎ የመውለድ አቅማቸውን መጠበቅ ለሚፈልጉ ወንዶች ሐኪም ይህን ክኒን ሊጠቀም እንደሚችል ጻፈ። "ሊጠቀም ይችላል" ነው ያለው፤ "ይጠቀም" አላለም። ከጎኑም ሌሎች አማራጮችን ዘርዝሯል፤ ቆለጥን በቀጥታ የሚያነሣሣውን ኤችሲጂ የተባለ መርፌ፣ ኢስትሮጅንን ሳያጠፋ ከአንጎል ተቀባይ ላይ የሚከልለውን እንደ ክሎሚፌን ያለ መድኃኒት። እኔም እዚህ ላይ አልከራከርም። ዓላማው ልጅ ሲሆን፣ ጊዜው ሲወሰን፣ የዘር ፈሳሽ በየጊዜው ሲመረመር፣ ክኒኑ ቦታ አለው። ምክንያቱም የሚለካው የሆርሞን ቁጥር ሳይሆን የሚፈለገው ነገር ራሱ ነው፤ ጊዜውም አጥንት ለማሳሳት የማይበቃ አጭር ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ለልጅ ፈላጊው ወጣት የተሰጠው ፈቃድ ድካም ወደሚሰማው የ55 ዓመት ሰው ሲሸጋገር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቴስቶስትሮን በመርፌ ከሚወስዱ ሰዎች የሚሰማ ነው። "ጡት እንዳያወጣብኝ፣ ውኃ እንዳይቋጥርብኝ ጎን ለጎን አጋጁን እውጣለሁ" ይላሉ። በዩናይትድ ስቴትስና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ በስልክና በኢንተርኔት ብቻ ሕክምና የሚሰጡ ክሊኒኮች ሁለቱን አብረው ማዘዛቸው የተለመደ ነው። የሚቀርበው ምክንያት ግን ማስረጃውን አይቋቋምም። ለፕሮስቴት ካንሰር በሚወስዱት መድኃኒት ምክንያት ጡታቸው የሚያብጥባቸውን ወንዶች ያነጻጸረ የጣሊያን ሙከራ በ2005 እንዳሳየው፣ ምንም መከላከያ ካልወሰዱት 73 በመቶዎቹ ጡት ሲያወጡ፣ አናስትሮዞል ከወሰዱት 51 በመቶዎቹ፣ ታሞክሲፈን የተባለ ሌላ መድኃኒት ከወሰዱት ግን 10 በመቶዎቹ ብቻ አወጡ። በጉርምስና ጡት ያወጡ 80 ልጆች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራም አናስትሮዞል ከአምሳያው ክኒን እንደማይሻል አግኝቷል። የቴስቶስትሮን መጠኑ በዝቶ ከሆነ ምልክቱን በሌላ መድኃኒት ከመሸፈን መጠኑን መቀነስ ይቀላል። ስፖርተኞች ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሱ፤ የዓለም የፀረ አበረታች ንጥረ ነገሮች ኤጀንሲ እነዚህን መድኃኒቶች በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጭም ከልክሏቸዋል።

አራተኛውን ተቃውሞ በቅንነት የሚያነሡ ሐኪሞች አሉ። "ሙከራዎቹ ጥቂት ሰው የያዙ ናቸው፣ አጭር ናቸው፣ ታካሚዎቹም አረጋውያን ናቸው፤ ለወጣቱ ሊሠራ ይችላል፤ መጠኑንም ብናሳንሰው አጥንት ላይጎዳ ይችላል" ይላሉ። ትንሽና አጭር መሆናቸው እውነት ነው። ግን ድክመቱ ወደ የት እንደሚያደላ እንይ። አንድ መድኃኒት እንዲወሰድ የሚጠይቅ ሰው ጥቅሙን ማሳየት የሱ ግዴታ ነው፤ ጥናቱ ትንሽ በመሆኑ ጥቅሙ ሳይታይ ቀረ ቢባል እንኳ፣ ጥቅሙ አለ ለማለት አያበቃም። ጉዳቱ ግን በዚያው ትንሽና አጭር ጥናት ውስጥ ታይቷል፤ ለመታየት ብዙ ዓመትና ብዙ ሰው የሚፈልገው አጥንት በአንድ ዓመት ውስጥ በ69 ሰዎች መካከል ምልክት ሰጠ። መጠን ማሳነስም ቢሆን በኔዘርላንድ ተሞክሯል፤ በሳምንት አንድ ክኒን ቁጥሩን ለማስዘለል በቅቷል፤ ያልበቃው ሰውየውን ለማሻሻል ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ የዚህ ሰው ቴስቶስትሮን በእውነት ዝቅ ብሏል? ብሎስ ከሆነ ለምን? ሆርሞኑ በጠዋት ይበዛል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀንሳል፤ ሲታመሙ፣ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ምግብ በልተው ሲመረመሩ ይወርዳል። የኢንዶክሪን ማኅበር በ2018 መመሪያው ምልክት የሌለውን ሰው በቁጥር ብቻ በሽተኛ አትበሉ፣ በባዶ ሆድ በጠዋት ለኩ፣ ዝቅ ካለ ደግማችሁ ለኩ ይላል። ከላይ የጠቀስኩት የአውሮፓ ጥናት ከ40 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት ወንዶች ምልክቱንም ቁጥሩንም አሟልተው የተገኙት 2.1 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል። በአሜሪካ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች ቴስቶስትሮን ራሱን ለሞከረው ትልቅ ጥናት 51,085 ሰዎች ተመርምረው መስፈርቱን አሟልተው የገቡት 790 ናቸው፤ ከእነሱም ቢሆን የወሲብ ሕይወታቸው በመጠኑ ሲሻሻል፣ ድካማቸው ግን ይህ ነው በሚባል ልክ አልተቃለለም። ኢስትራዲዮሉ አብሮ እየጨመረ እንኳ ድካምን ያልፈወሰ ቴስቶስትሮን፣ ኢስትራዲዮሉን እየቀነሰ ይፈውሳል ብሎ መጠበቅ ግራ ነው።

የ"ለምን" ጥያቄ ደግሞ ከመድኃኒቱ ምርጫ ይበልጣል። ኤልኤች ከፍ ብሎ ቴስቶስትሮን ከወረደ ችግሩ ቆለጡ ላይ ነው፤ ከጆሮ ደግፍ የተረፈ ጉዳት ወይም ክላይንፌልተር የተባለው የክሮሞዞም ሁኔታ ሊሆን ይችላል። አንጎል አስቀድሞ በኃይል እያዘዘ ስለሆነ እሱን አታልሎ ይበልጥ እንዲያዝ ማድረግ የደከመን ፈረስ መግረፍ ነው። ኤልኤችም ቴስቶስትሮንም አብረው ከወረዱ ደግሞ ዓይን ወደ ፒቱታሪ መዞር አለበት፤ እዚያ ዕጢ ሊኖር ይችላል፣ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሊበዛ ይችላል፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚወሰድ ኦፒዮይድ አንጎልን አፍዝዞት ሊሆን ይችላል፣ በሌሊት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራርጥ በሽታ ሊኖር ይችላል። ክኒኑ በእነዚህ ሰዎች መካከል በአንዳንዶቹ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ጥሩ ይመስላል፣ ዕጢው ግን ሳይታይ ያድጋል።

ክኒኑን አሁን የሚወስድ ሰው በመካከላችሁ ካለ ነገ ጠዋት በድንጋጤ እንዲጥለው አልመክርም፤ ያዘዘለትን ሐኪም ሦስት ነገር ይጠይቅ። የወሰድኩት ለልጅ ነው ወይስ ለሌላ? ለልጅ ከሆነ የዘር ፈሳሼ ተሻሽሏል? ለሌላ ከሆነ ደግሞ ኢስትራዲዮሌ ስንት ነው? ይህም በተራው ኪት ሳይሆን፣ በወንድ ደም ውስጥ ያለውን ትንሽ መጠን በትክክል መለየት በሚችለው የማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያ የተለካ ይሁን። የአጥንት ጥግግቱም ከመጀመሩ በፊት ካልተለካ አሁን ይለካ። መድኃኒቱ ሲቆም ሆርሞኖቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ለዚህም ነው ቁጥሩን ለማቆየት ክኒኑን ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ የሚሆነው። ከጠቀስኳቸው የክኒኑ ሙከራዎች ረጅሙ የቆየው አንድ ዓመት ነው።